የኋላ ወንበሯን አላወጣሁም

የአባቴ አሮጌ መኪና ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ ተቀምጧል። ቫልቮቹ በቦታቸው ናቸው፣ ካንዴላዎቹም ታስረዋል። ቤንዚን ከሚቃጠልባቸው አራት ጉድጓዶች በመጀመሪያው ዙሪያ ግራሶ ቀባሁና መሃሉ የተበሳ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ለጠፍኩበት። ከዚያ ቀለም ጠብ ያደረግሁበትን ውሃ በሲሪንጅ እየሳብኩ በቀዳዳው ቀስ እያልኩ አስገባሁ። የመጨረሻዋ አረፋ ስትወጣ አቁሜ ስንት ሚሊ ሊትር እንደገባ ጻፍኩ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። በሰፊውና በጠባቡ ጉድጓድ መካከል የነበረው ልዩነት 1.6 ሚሊ ሊትር ሆኖ ተገኘ። ያ ብረት ከፋብሪካ ከወጣ ወደ አርባ ዓመት ሆኖታል፤ ይህን ጉዳዩን እስከዚያ ምሽት የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሌሊቱ እንዴት እንዳለፈ አላወቅሁም።

ሞተሩ 4ኬ ይባላል፤ 1290 ሲሲ (ሲሲ ያው ሚሊ ሊትር ነው)። ለአራት ሲከፈል እያንዳንዱ ሲሊንደር 322 ሲሲ ገደማ ይደርሰዋል። ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም የገባው አየርና ቤንዚን የሚታመቅበት ልክ፣ 9 ለ 1 እንዲሆን ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ ከላዩ የሚቀረው ባዶ ቦታ በጠቅላላው 40 ሲሲ ያህል መሆን አለበት። 10 ለ 1 እንዲሆን ከተፈለገ ደግሞ 36። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ያንሳል። ይህን ሥራ ለምን እንደምወደው ለሚጠይቀኝ ሰው ስለ ፍጥነት አላወራለትም፤ ይህችን ማንኪያ ነው የማሳየው።

መኪናዋ ኮሮላ ኬኢ70 ናት፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የአባቴ ነበረች። ትምህርት ቤት ያመላለሰችን፣ ታናሽ እህቴ ከሆስፒታል ወደ ቤት የመጣችባት፣ ሰው ሲታመም በሌሊት የተነሳች እሷ ናት። አባቴ ቤንዚን በቀዳ ቁጥር የሊትሩንና የኪሎ ሜትሩን ልክ የሚጽፍበት ደብተር ነበረው፤ ደብተሩ ሲያልቅ ሌላ ይገዛል። ሁሉም ዛሬም አሉ። መኪናን በተመለከተ አንድ ሕግ ነበረው፦ ያልታመመ መኪና አይከፈትም። ቁልፏን ለእኔ የሰጠኝ በየቀኑ መንዳት ሲያቆም ነው፤ ሲሰጠኝም የተናገረው ይህንኑ ሕግ ነው።

እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ልከፍታት ነበር የምፈልገው።

ሞዲፋይ ማድረግ ስጀምር ያገኘሁት ምክር ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። ክብደት ቀንስ። የኋላ ወንበሩን አውጣ፣ ምንጣፉን ግፈፍ፣ የበሮቹን የውስጥ ልባስ ጣል፣ ድምፅ የሚያፍነውን ሬንጅ ከወለሉ ላይ ቅረፍ። ምክሩ ከስሌት አንፃር ስሕተት የለበትም። ያው ጉልበት የሚገፋው ክብደት ሲያንስ መኪናዋ ቶሎ ትወነጨፋለች፣ ቶሎ ትቆማለች፣ ኩርባ ላይም ትቀላለች፤ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ሦስቱንም የሚያስገኝ ዘዴ ብዙ የለም። ነገር ግን ወንበሩን ላወጣ ብሎኖቹን ፈትቼ ካነሳሁት በኋላ መልሼ አሰርኩት። ከሥሩ የእህቴን የፀጉር ማስያዣ፣ እርሳስና አንድ የተጨማደደ የፈተና ወረቀት አገኘሁ። አምስት ሰው የምትይዝን መኪና ሁለት ሰው እንድትይዝ አድርጎ ፈጣን ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ግን የተሻሻለችው የእኛ መኪና አትሆንም። እንግዲህ አምስት ሰው እንደያዘች፣ ዕቃ መጫኛዋም ባዶ ሳይሆን፣ ምን ያህል ጥሩ ልትሆን ትችላለች? ለዓመታት ስለፋ የኖርኩት ለዚህ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው የእኔ ብቻ አይደለም። የቤተሰብ መኪናን ማጎልበት የወጣት ሩጫ አድርገው የሚያዩ ብዙ ናቸው፤ ታሪኩ ግን ሌላ ነው የሚለው። ሚኒ እ.ኤ.አ. በ1959 ስትወጣ ሐሳቡ ነዳጅ ቆጥባ አራት ሰው እንድታመላልስ ነበር። የእሽቅድምድም መኪና ሠሪው ጆን ኩፐር ኩርባ ላይ እንዴት እንደምትይዝ አይቶ ጉልበት ጨመረላትና በ1961 ሚኒ ኩፐር ተወለደች፤ በ1964፣ በ1965 እና በ1967 የሞንቴ ካርሎ ራሊን አሸነፈች። ፔጆ 404 የዶክተርና የነጋዴ መኪና ሆና ሳለ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ አራት ጊዜ ወሰደች፦ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968። ጎልፍ ጂቲአይን የጀመሩት ጥቂት የፎልክስቫገን ሠራተኞች ናቸው፤ ከመደበኛው ዕቅድ ውጪ፣ በራሳቸው ተነሳሽነት። በ1976 ለገበያ ስትቀርብ 5,000 ብቻ ልትሠራ ታስቦ ነበር፤ የመጀመሪያው ትውልድ ብቻውን ከ450,000 በላይ ተሸጠ። ቮልቮ 240ም፣ ያቺ አራት ማዕዘኗ የቤተሰብ መኪና፣ ተርቦ ተገጥሞላት በ1985 የአውሮፓ ቱሪንግ መኪኖች ሻምፒዮና አሸናፊ ሆናለች።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለ። የቤተሰብ መኪና የሚሠራ መሐንዲስ መኪናዋን ማን እንደሚይዛት አያውቅም። ዘይት የማይቀይር ሰው ሊይዛት ይችላል፤ መጥፎ ቤንዚን ሊቀዳላት፣ ከልኩ በላይ ሊጫንባት ይችላል። ስለዚህ በሁሉም ቦታ መጠባበቂያ ያስቀምጣል። ብረቱን ያወፍራል፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካም ያለዝባል፣ ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀውን ካርቡራቶር ያጠባል፣ ኮምፕሬሽኑን ዝቅ ያደርጋል። ያ መጠባበቂያ ዕድሜዋን ሙሉ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃል። በደንብ የሚንከባከባት ሰው ሲያገኛት ከዚያ ላይ ትንሽ መበደር ይችላል። ሁሉንም ከወሰደ ግን ዕዳው ይመጣል።

ዕዳው የመጣብኝ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ያኔ የገዛሁት ዌበር 32/36 ካርቡራቶር ነበር። ሁለት ጉሮሮ አለው፤ አንደኛው 32፣ ሁለተኛው 36 ሚሊ ሜትር። ቀስ ብለህ ስትሄድ ትንሿ ብቻ ትሠራለች፣ ፔዳሉን ጠለቅ አድርገህ ስትረግጥ ትልቋ ትከፈታለች። የጭስ ማውጫውንም ሰፋ ባለ ቱቦ ቀየርኩ። ለውጡ ደስ የሚል ነበር፤ ዳገት ላይ ወደ ሁለተኛ መመለስ የለመድኩበት ቦታ በሦስተኛ መውጣት ጀመረች። በሳምንቱ ከዚያው ዳገት ማዶ ያለውን ረጅም ቁልቁለት ስወርድ፣ ሦስተኛው ኩርባ ላይ የፍሬኑ ፔዳል ለሰለሰ። አራተኛው ላይ ወለሉን ነካ።

ያን ቅጽበት ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ፔዳሉን ደጋግሜ ረገጥኩ፣ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ቀነስኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳብኩ፤ መኪናዋ የመንገዱን ዳር ጠጠር ይዛ ቆመች። ማንም አልተጎዳም። ብቻዬን ነበርኩ። ከዚያ ዞር ብዬ የኋላውን ወንበር አየሁት።

የሆነው ነገር ቀላል ነው። መኪና ስትሮጥ የምትሸከመው ኃይል በፍጥነቷ ልክ አይጨምርም፤ ፍጥነቷ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው። ከ80 ወደ 113 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትደርስ ፍሬኑ ወደ ሙቀት ቀይሮ ማስወገድ ያለበት ኃይል እጥፍ ይሆናል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛው ልክ 140 ነው። የእኔው ዘይት ስንት ዓመት እንደቆየ የአባቴ ደብተር እንኳ አልያዘውም። ሲፈላ እንፋሎት ሆነ፤ እንፋሎት ሲጫኑት ይታመቃል፤ እግሬ የገፋው ዘይቱን ሳይሆን አረፋውን ነው። ጉልበት ጨምሬ ማቆሚያውን ግን በአርባ ዓመቱ ተውኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅደም ተከተሌ አልተለወጠም፦ መጀመሪያ መቆም፣ ቀጥሎ መሬት መያዝ፣ መጨረሻ መሮጥ።

የፍሬኑን ሥራ የጨረስነው ከእናቴ ጋር ነው። የጎማ ቱቦዎቹን በሙሉ፣ የፊት ዲስኮቹን ከነሸራቸው፣ የኋላ ታምቡሮቹን ጎሚኒዎች ቀየርኩ። በዶት 4 ሞልቼ አየሩን ለማስወጣት ግን ፔዳል የሚረግጥ ሰው ያስፈልጋል፤ ቤት የነበረችው እሷ ብቻ ናት። በዚያች መኪና ሁልጊዜ የምትቀመጠው ከኋላ ነው፤ ከበሩ በላይ ያለችውን መያዣ ጨብጣ። መሪው ፊት ስትቀመጥ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

«እማዬ፣ ርገጪ።»

«ረገጥኩ።»

«ያዢው፣ እንዳትለቂ።» ከመኪናው ሥር ተኝቼ የማስተንፈሻዋን ብሎን ሩብ ዙር ፈታኋት። በስሷ ቱቦ ውስጥ መጀመሪያ ቡናማ ዘይት፣ ከዚያ አረፋ፣ ከዚያ ንጹሕ ዘይት ወረደ። አሰርኳት። «ልቀቂ።»

ከሩቁ ጎማ ጀምረን ወደ ቅርቡ መጣን። ሦስተኛው ጎማ ላይ ሳልጠይቃት «አሁን ጠንከር አለ» አለችኝ። እኔ ከሥር ሆኜ ያላየሁትን እሷ በእግሯ አወቀችው።

መሬት መያዝን በተመለከተ ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ወደ ዝቅ ማለት ነው። ሞላ አስቆርጦ መኪናን ዝቅ ማድረግ ግን ከሥራው ሁሉ የምጠላው ነው። የተቆረጠ ሞላ በቦታው በደንብ አይቀመጥም፣ የእግሩ መጫወቻ ያጥራል፣ ጉድጓድ ላይ መኪናዋ በብረቷ ታርፋለች። አርባ ዓመት ያለፈው መኪና በመጀመሪያ የሚያጣው ጎሚኒዎቹን ነው። በእያንዳንዱ ክንድ ጫፍ ላይ ያለው ይህ ላስቲክ ደርቆ ሲሰነጠቅ መሪ ስታዞር ጎማው ወዲያው አይታዘዝም፤ ትንሽ ይዋልላል፣ ከዚያ ይከተላል። ሹፌሩም ከመኪናዋ ጋር አብሮ ስላረጀ ያንን መዘግየት የመኪናዋ ባሕርይ ይመስለዋል። ከፊትና ከኋላ ያሉትን ጎሚኒዎች፣ አሞርዛተሮቹንና አራቱን ጎማ አዲስ አድርጌ የወጣሁበት ቀን የተሰማኝን ሌላ ምንም ለውጥ አልሰጠኝም። አንድም የፈረስ ጉልበት አልጨመርኩም፤ ኩርባው ግን አጠረ። መኪና መሬት የምትነካው በአራት ቦታ፣ እያንዳንዱ ከመዳፍ ብዙም በማይበልጥ ስፋት ነው። የቀረው ሥራ ሁሉ፣ ሞተሩም ጭምር፣ የሚያልፈው በእነዚያ አራት መዳፎች በኩል ነው።

ወደ ሞተሩ የተመለስኩት ከዚህ በኋላ ነው፤ የመለሰኝም የአባቴ ደብተር። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሮ አካፈልኩት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአንድ ሊትር 13 ኪሎ ሜትር ትሄድ ነበር። ከዚያ 12፣ ለረጅም ጊዜ 11፣ መጨረሻ ላይ 10። እሱ ለሒሳብ ብሎ የጻፈው ቁጥር የሞተሩ የሕመም ታሪክ ሆኖ ተነበበኝ። በማግስቱ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን ሲያምቅ የሚፈጥረውን ግፊት፣ ለካሁ። አንደኛው ሲሊንደር 11.5 ባር፣ ሁለተኛው 11.3፣ ሦስተኛው 8.2፣ አራተኛው 11.4። ሦስተኛው ላይ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሬ ደገምኩት። ችግሩ የፋሻ፣ ማለትም የፒስቶኑ ቀለበት፣ ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ስለሚደፍነው ቁጥሩ ይወጣል። አልወጣም። ስለዚህ አየሩ የሚያመልጠው ከላይ ነው። ቴስታታው ሲወርድ የሦስተኛው የጭስ ቫልቭ ከንፈር ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታክል ቃጠሎ ተገኘች። ያን ሁሉ ዓመት መኪናዋ በሦስት ሲሊንደርና በግማሽ ነበር ያመላለሰችን።

ብዙ ሰው አሮጌ ሞተር ላይ ትልቅ ካም ገጥሞ ደካማ ሆነብኝ የሚለው ይህን ሳይለካ ስለሚጀምር ነው። የጠፋውን ሳይመልሱ አዲስ መጨመር በተቀደደ ጆንያ እህል እንደመስፈር ነው።

ቫልቮቹ ተቀየሩ፣ መቀመጫቸው ተሞረደ። ጉድጓዶቹን እኩል ካደረግሁ በኋላ ቴስታታውን አስላጭቼ ኮምፕሬሽኑን ከ9 ትንሽ ከፍ አደረግሁት፤ 10 ላይ ግን አላደረስኩትም። የካንዴላው እሳት ሳይደርስበት ቤንዚኑ በራሱ ጊዜ ከፈነዳ ሞተሩ ሲንኳኳ ትሰማዋለህ፤ ሰምተህ ዝም ካልክ ፒስቶኑ ይበላል። መጠባበቂያ እንዲተርፍ ፈለግሁ።

ካሙ ላይ ብዙ አሰብኩ። ካም የሞተሩን አተነፋፈስ የሚወስን ነው፦ ቫልቮቹ መቼ እንደሚከፈቱ፣ ምን ያህል ከፍ እንደሚሉ፣ ለምን ያህል ጊዜ ተከፍተው እንደሚቆዩ። ረጅም ጊዜ ክፍት የሚያቆይ ካም ከፍ ባለ ዙር ላይ ብዙ አየር ያስገባል፤ ዝቅ ባለው ዙር ላይ ግን የገባው አየር ከፊሉ ተመልሶ ይወጣል። ሚኒሞው፣ ማለትም ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ ይንገጫገጫል፣ ከቆመችበት ስትነሳ ትደክማለች። በዚያ ላይ 4ኬ ቫልቮቹን የሚገፋው በረጃጅም ዘንጎች ነው፤ ዙሩ በጣም ሲበዛ ሞላዎቹ ቫልቩን በጊዜ መዝጋት ያቅታቸዋል። አምስት ሰው ጭና ከቆመችበት የምትነሳ መኪና ጉልበት የሚያስፈልጋት ዝቅተኛና መካከለኛ ዙር ላይ ነው። ስለዚህ ከፋብሪካው ትንሽ ብቻ የሚበልጠውን መረጥኩ። ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ሥራውን ያስተማሩኝ መካኒክ ካሙን በጣታቸው ዳሰሱና «ይኼ ይበቃታል፣ ልጄ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ትንሽ አያንስም?» ብላቸው «የማን መኪና ናት?» ብለው መልሰው ጠየቁኝ።

የቀረው ማስተካከል ነው፤ ማስተካከል ደግሞ ከመግጠም ይረዝማል። ፑንቲናውን፣ የካንዴላውን እሳት ሰዓት የሚጠብቀውን መክፈቻና መዝጊያ፣ አውጥቼ በኤሌክትሮኒክ ቀየርኩት፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ የማትሞላዋ ክፍተት በየጊዜው እየተበላች የእሳቱን ሰዓት ማዛባቷ አበቃ። ከዚያ ካርቡራቶሩ። ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ለአንድ እጅ ክብደቱ 14.7 እጅ አየር ይፈልጋል፤ ሙሉ ጉልበት ሲጠየቅ ግን ሞተሩ ወደ 12.5 ወይም 13 ወፈር ያለውን ይወዳል። ይህን የምትወስነው ጄት የምትባል፣ ቀዳዳዋ በመቶኛ ሚሊ ሜትር የተለካ ትንሽ ናስ ናት። አንዷን ገጥሜ እሄዳለሁ፣ ሞተሩን አጥፍቼ እቆማለሁ፣ ካንዴላውን ፈትቼ አያለሁ። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ በዝቶበታል፤ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ልኩ ነው። አራት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

ጉልበቷን በማሽን አላስለካሁም። እናቴን ከኋላ አስቀምጬ ያንኑ ቁልቁለት ወረድኩት። አራተኛውን ኩርባ ካለፍን በኋላ በመስታወት አየኋት፤ እጇ መያዣዋ ላይ አልነበረም፣ ቦርሳዋን ታቅፋ ውጭውን ታያለች።

አባቴ ይህን ሁሉ ጊዜ አንድም ቃል አልተናገረም። ባለፈው ወር ቁልፉን ጠየቀኝና ብቻውን ወጣ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። ሲመለስ ሞተሩን ወዲያው አላጠፋውም፤ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን ውጭ አድርጎ ሚኒሞውን አዳመጠ።

«ፍሬኑ ጥሩ ነው» አለ።

ዝም አልኩ።

«በሊትር ስንት ትሄዳለች?»

«አሥራ ሁለት።»

ከኪሱ ደብተር አወጣ፤ አዲስ ነው። የዕለቱን ቁጥር ጻፈና ከላይ እስከ ታች አየው። «ድሮ አሥራ ሦስት ነበረች። ታዲያ አንዷ ኪሎ ሜትር የት ሄደች?»

ትልቋ ጉሮሮ ትንሽ ቀድማ እየተከፈተች ይሆናል አልኩት፤ የትንሿም ጄት አንድ ቁጥር ወፍራ ሊሆን ይችላል። ሞተሩን አጠፋና ወረደ። ኮፈኑን ከፍቶ በብረቷ ዘንግ ደገፈው፣ መነጽሩን አደረገ፣ የአየር ማጣሪያውን ክዳን ራሱ ይፈታ ጀመር።